ሽማግሌውን ዝም አሰኙልን

ጋሽ ዚቮታ በሰርቢያዋ ኒሽ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቋሚ ሥራቸው ወንዝ ዳር ባለው መናፈሻ ቼዝ መጫወት፣ ከመጫወቱም በላይ ሰው መልከፍ ሆነ። እኛ ዘንድ ዝም ብሎ የሚያሸንፍ ሰው አይወደድም፤ “ምን ሆኗል? አሞታል እንዴ?” ይባላል። ጋሽ ዚቮታ ደግሞ እየተሸነፉ እንኳ አፋቸው አያርፍም።

እኔ ያን ጊዜ እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ተወሽቄ የኮምፒውተር ቼዝ እሠራ ነበር። ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ግን እንደ መቃብር ጭጭ ያለ! አንድ ቀን መቅጃ ይዤ መናፈሻው ሄድኩ።

“ጋሽ ዚቮታ፣ ድምፅዎን ለኮምፒውተሩ ይስጡኝ።”

“ለዚያ ቆርቆሮ? ምን ልበለው?”

“ያው እዚህ የሚሉትን።”

“ጉድ ፈላ! በሰባ ዓመቴ አርቲስት ልሆን ነው!”

ሁለት መቶ አሥር ተረብ ቀዳሁ። ተጫዋቹ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ በዚያ ሻካራ ድምፅ “እናትህ እንዲህ እንደምትጫወት ታውቃለች?” ይለዋል። ንግሥቱን በነጻ ሲያስበላ ደግሞ፣ “እግዜር ይስጥልኝ! ቤተሰብ ሰላም ነው?”

ከዚያ ጨዋታውን ለሕዝብ ሳሰራጨው የተጠቃሚዎች አስተያየት ይጎርፍ ጀመር። ሰሌዳው ይገልበጥልን፤ ሰዓቱ ይጉላልን፤ ሽማግሌውን ዝም አሰኙልን። አንዲት መምህርት “ተማሪዎቼን ሰደበብኝ” ብላ ጻፈች። ስለ ሽማግሌው ብቻ አርባ አንድ ደብዳቤ ቆጠርኩ። ጋሽ ዚቮታ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ባገኙኝ ቁጥር “ሕዝቡ ምን ይላል?” ይሉኛል። “ወዶዎታል” እላለሁ። “ታዲያስ!” ይሉና ደረታቸውን ይነፋሉ።

በአዲሱ እትም እሳቸውን አውጥቼ “መልካም እርምጃ ነው” የምትል አንዲት ጨዋ ሴት ተካሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ቦታ ሲጠበኝ የድምፅ ቅጂዎቹንም ደመሰስኳቸው። እጄን ይቁረጠው! አንዲት ቃል እንኳ አላማከርኳቸውም።

ወር ሳይሞላ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ መጣ። “ያ ተሳዳቢ ሽማግሌ የት ሄደ?” “መልሱልን እንጂ!” አንዷማ “ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረኝ እሱ ብቻ ነበር” አለች። ለካ የሚጽፈው የተናደደው ነው፤ ደስ ያለው ዝም ብሎ ይጫወታል። ደነገጥኩ፤ ግን “ምን ቸገረኝ፣ ሰውየው እዚሁ ናቸው፣ አንድ ቀን እንደገና እቀዳቸዋለሁ” ብዬ ተውኩት።

በጸደይ ጋሽ ዚቮታ ከመናፈሻው ጠፉ። የጉሮሮ ካንሰር ኖሯል። ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን አተረፉ፤ ድምፃቸውን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ወሬውን እንደሰማሁ ደብዳቤ የጻፉልኝን ሁሉ አሮጌው እትም ካላቸው እንዲልኩልኝ ለመንኩ። ሁሉም አዲሱን በላዩ ላይ ጭነውበታል።

ቤታቸው ስሄድ አንገታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው እትዬ ዴሳንካ የልጃቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አውጥተው፣ አቧራውን ጠርገው ይጠብቁኛል።

“ልጄ፣ ያንን ጨዋታህን ጫንልኝ” አሉኝ። “አርባ ስድስት ዓመት ‘ኧረ ዝም በል አንተ ሰውዬ’ ስለው ኖሬ፣ አሁን ዝም ቢል ቤቱ ሊበላኝ ነው። አንዲት ስድብ እንኳ ልስማ።”

ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። “የለም፣ እትዬ። አጥፍቼዋለሁ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም።”

እትዬ ዴሳንካ ኮምፒውተሩን መልሰው በዳንቴል ይሸፍኑት ጀመር።

ጋሽ ዚቮታ ደብተራቸውን ሳብ አደረጉ። ስድብ ጠበቅኩ፤ ይገባኝ ነበር፣ እንዲያውም ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። ጽፈው ወደ እኔ ገፉት፦

“ግድ የለም። ዋናው ሕዝቡ መውደዱ ነው።”

“አዎ” በሚል አንገቴን ነቀነቅኩ። እነዚያ አርባ አንድ ደብዳቤዎች ዓይኔ ላይ መጡ። ለእያንዳንዳቸው “ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ ጥያቄዎ ተፈጽሟል” ብዬ የመለስኩት እኔው ነኝ።