ዕዳ የሌለባት መኪና

ካምፓላ ያለ ሐበሻ ቃለጽድቅን የሚያውቀው በመልኩ አይደለም፣ በመኪናው ነው። መልኩማ ምን አለው፤ አጠር ያለ፣ መላጣው የጀመረው፣ ዋንዴገያ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲያትምና ሲጠርዝ የሚውል ሰው ነው። መኪናዋ ግን ትታወቃለች። ነጭ ቶዮታ ናት። ጣሪያዋን ፀሐይ በልቶታል፣ የኋላ ፓራፋንጎዋን አንድ ቦዳ ነጂ በሞተር ሳይክሉ ገብቶበት አጎድጉዶታል፤ ቁልፉ ሲዞር ግን አንድ ቀን እንኳ አመል አውጥታ አታውቅም። በዝናብም በፀሐይም ትነሳለች። የሰው ልጅ እንደሷ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ባላስፈለገ ነበር።

የገዛት በዱቤ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከፈለ። በዚያ አራት ዓመት ምሳው ሮሌክስ ነበር፣ ያው መንገድ ዳር በቂጣ የሚጠቀለለው እንቁላል። ሚስቱ ቤርሳቤህ «አንተ እኔን ሳይሆን መኪናዋን ነው ያገባኸው» እያለች ታበሽቀው ነበር። የመጨረሻውን የከፈለ ዕለት ማታ ሚስቱን አሳፈረና ያለ ምንም ጉዳይ ናጉሩ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ከተማው ከታች መብራቱን እየለኮሰ ነበር።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለችው ቤርሳቤህ።

«ምንም። የሚመጣብን ሰው እንደሌለ እያጣጣምኩ ነው» አላት።

እሷም ሳቀችበት። ግን እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሐበሻ እየተንቆጠቆጠ መጥቶ በእግሩ ተመለሰ! እስክንድር ያንን ቤት የሚያህል መኪና በብድር ገዝቶ ሲንጎማለልበት ከርሞ፣ አበዳሪዎቹ በዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጎትተው ወሰዱበት። ሚስቱ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማ ቀረች። ሰው ሁሉ ሲንሾካሾክ ቃለጽድቅ ምንም ሳይል ባልና ሚስቱን አሳፍሮ ካምዎክያ ቤታቸው ድረስ አደረሳቸው። የእሱም ቤት እዚያው ሰፈር ነው። ዝም አለ እንጂ ሆዱ ቅቤ ጠጥቷል፤ አልጠጣም ካለ ይዋሻል።

ይሁንና መኪናዋን እንደዚያ የሚሳሳላት ለመንጎማለል አልነበረም። እናቱ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ናቸው፤ ወይዘሮ ገንዘቤ ይባላሉ። ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ሲደውል ከእሱ ጤና በፊት የመኪናዋን ይጠይቃሉ።

«ደህና ናት፣ እማዬ።»

«እሰይ። እንግዲህ እኔ ካንተ ብር አልፈልግ፣ ቀሚስ አልፈልግ። አፈር የሚያለብሰኝ እጅህ ይሁን። ሌላ ሰው ቢቀብረኝ አጥንቴ አያርፍም።»

«እደርሳለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ማል።»

ይምላል። ሐሰትም አልነበረም። ኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና አንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ደግሞ ሁለት ሰዓት ምናምን በረራ። ስለዚህ የመኪናዋ ነዳጅ ከግማሽ በታች ወርዶ አያውቅም፣ ፓስፖርቱም ጊዜው አልፎበት አያውቅም። ሌላው ሰው ስልክ ሲጮኽበት ብር ፍለጋ፣ መኪና ፍለጋ ሲራወጥ እሱ ቁልፉን ብቻ ነው የሚያነሣው። ማታ ማታ ትራስ ሲነካ እንቅልፍ የሚወስደው በዚህ ሐሳብ ነበር። ከእናቱ ጋር የምትኖረውን የእህቱን ልጅ ነጻነትንም ነግሯታል፤ «እማዬ አንድ ነገር ከሆነች፣ ቀጥታ ለእኔ ደውዪ፤ ላባብለው ምናምን እንዳትዪ» ብሏታል። እዚህ ካምፓላ ላሉት ወዳጆቹ ግን አልተናገረም። እንዴት ይናገር? «እናቴ የሞተች እንደሆነ» ብሎ በአደባባይ መጥራት ሟርት መሰለው። ምላሱን ፈርቶ ዝም አለ፤ የእኛ ሰው እንዲህ ነው፣ የሚያድነውን ቃል ፈርቶ ይውጠዋል።

እንግዲህ የመኪናዋ ሌላ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። ወጋችንን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ የሚደውለው ለልጁ ሳይሆን ለልጁ ወዳጆች ነው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ልጁ እህል ቀምሶ ተኝቶ እንዲያድር ይተዉታል፣ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ። ለዚህ ደግሞ መንገድ ላይ የማትቆም መኪና ያስፈልጋል። መቼም ሽማግሌ ቦዳ ላይ ተፈናጥጦ መርዶ አይሄድም። ስለዚህ ሰው ሞተ ሲባል ቃለጽድቅ ይጠራል። ዓመት ካመት ይጠራል። ናጉሩ ያለውን ሀብቴን ያሳፍራል፤ ሀብቴ ማለት ዋንዴገያ ምግብ ቤት ያለው፣ የሐበሻው ሁሉ ሽማግሌ፣ ለሠርግም ለልቅሶም ቃል የማያጣ ሰው ነው። ከዚያ የቀሩትን ይለቅማል፤ መኪናዋ ስትቆም ከቤት ውስጥ እሪታ ይነሣል። ኋላ ኋላማ ሰው ሳይወርድ፣ ነጩን መኪና በር ላይ ሲያይ ብቻ ይጮኽ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ለወዳጁ ለአማን ሚስት በርበሬ ሊያደርስ ማለዳ ቢሄድ፣ ሴትዮዋ ከመስኮት አይታው ወገቧን ይዛ መሬት ተቀመጠች። በርበሬ ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው ያስነሣት።

ለዚያው ለአማን በኋላ የእውነቱን መርዶ አድርሶለታል። አባቱ ጎንደር ሞተው፣ ከተቀበሩ በኋላ ነው የነገሩት። አማን አላለቀሰም መጀመሪያ። «ለምን አላስቀበራችሁኝም? እሄድ ነበር እኮ!» አላቸው። ቃለጽድቅ ትከሻውን አቅፎ «ወንድሜ፣ ወግ ነው፤ አዝነንልህ ነው» አለው። አማን እጁን ከትከሻው ላይ አነሣው። ከዚያ ወዲህ ቢዘንብበት እንኳ እዚያች መኪና ላይ አይወጣም።

ቤርሳቤህ «ይበቃሃል፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ብላው ነበር። እሱ ግን «ሰው ለሰው ነው» ይላል። ይህ አንዱ ነው። ሌላውን እኔ ልንገራችሁ፦ ደስ ይለው ነበር። መኪና ካለው ሰው ሁሉ ተመርጦ የሚታመነው እሱ መሆኑ፣ ሀብቴ ከፊት ተቀምጦ «አይ ይቺ መኪና» ማለቱ ይጥመው ነበር። ሰው እንባ ላይ ቆሞም ቢሆን ሙገሳ ይጥመዋል።

ባለፈው ከፋሲካ በፊት ነው። እናቱ ጉንፋን ይዟቸው ሰንብቷል፤ ለበዓሉ ሊሄድ ትኬት ቆርጧል። ሱቁን ዘግቶ ራቱን ሊበላ ሀብቴ ምግብ ቤት ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። ሀብቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከእነሱ ጋር ኤርሚያስ አለ፤ ከቃለጽድቅ ሱቅ ማዶ ስልክ የሚጠግን ልጅ እግር ጎረምሳ ነው። ኤርሚያስ ብርጭቆው ውስጥ አቀርቅሯል። ቃለጽድቅ ይህን ዝምታ አያጣውም፤ ስንት ዓመት ሲያጓጉዘው የኖረ ዝምታ ነው።

«ማን ሞተ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«በቃ፣ ስሙን አትንገሩኝ። አፌ አያርፍም። ጠዋት መኪናዋን ይዤ እመጣለሁ።»

ሀብቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የለም፣ ቃልዬ፣ አንተ ነገ ዕረፍ። እኛ በታክሲ…»

«በታክሲ? የእኔ መኪና ቆማ እናንተ በታክሲ? ምን አጥፍቼ ነው?»

«ጋሼ…» አለ ኤርሚያስ፣ አልጨረሰውም።

ሀብቴ አንዴ ኤርሚያስን፣ አንዴ ወለሉን አየ። «እሺ» አለ።

እሺ! አንድ ሽማግሌ የሚያህል ሰው፣ አገር አስታራቂ፣ እንቢ የምትል አንዲት ቃል አጣ። እንቢ ቢል ይጠረጥራል፣ ቢነግረው በምሽት ነው፣ በምግብ ቤት ነው፣ ወግ አይደለም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ይኸው ነው። ቃለጽድቅም ተቀምጦ ራቱን በላ። ሀብቴ ሒሳብ አልተቀበለውም፤ እሱም ምን ነካው ብሎ አልጠየቀም።

ቤቱ ገብቶ ለቤርሳቤህ ነገራት። «እኔን፤ የማን ቤት ይሆን ነገ የሚጮኽ» አለችና አማተበች። እሱ የመኪናዋን ዘይትና ውሃ አይቶ፣ መስታወቷን ወልውሎ ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል ዋንዴገያ ሄዶ ኤርሚያስንና ሁለቱን ሽማግሌዎች አነሣ፤ ናጉሩ ወጥቶ ሀብቴን አሳፈረ። ሀብቴ ከፊት ገባ፣ ስለ መኪናዋ ምንም አላለም።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ካምዎክያ ውረድ» አለ ሀብቴ።

ቃለጽድቅ ከንፈሩን መጠጠ። «እስክንድር ነው አይደል? እህቱ ታማለች ሲባል ሰምቻለሁ። ምስኪን። እንግዲህ አደራ፣ ልቡ ደካማ ነው፣ በአንዴ እንዳትነግሩት። መጀመሪያ ይቀመጥ። ጋሽ ሀብቴ፣ አንተ ጀምር፣ የአንተ ቃል ያጸናል።»

ከኋላ አንዱ አፍንጫውን ሳበ። የማቶኬ ሙዝ የጫነች ፒክአፕ ቀደመቻቸው። ቃለጽድቅ ቀስ ብሎ ወርዶ የእስክንድር በር ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ።

«ትንሽ ወደ ፊት» አለ ሀብቴ።

«ወደ ፊት ማን አለ?»

«ትንሽ፣ ቃልዬ።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ላይ ያለው ሐበሻ አንድ ቤት ብቻ ነው። ቃለጽድቅ ነዳ። መኪናዋም ተነዳችለት፣ ምን ታድርግ። የራሱ በር ተከፍቷል። እሱ ከወጣ በኋላ የገቡ ሴቶች ግቢው ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ቤርሳቤህን ሁለቱ በብብቷ ይዘዋታል። ልቅሶውን አፍነው እሱን ነው የሚጠብቁት። ሞተሩን አጠፋ።

«እማዬ ናት?»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ ሀብቴ። «ትናንት ሊነጋ ሲል ነው ያረፉት።»

ቃለጽድቅ በሩን አልከፈተም። መልሶ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ ተነሣች።

«ውረዱ» አላቸው። «ውረዱልኝ። ኤንቴቤ ልሂድ፣ ለጠዋቱ በረራ እደርሳለሁ። ለነጻነት ደውሉላት፣ እስክመጣ ያቆዩልኝ በሏት።»

ማንም አልወረደም። ሀብቴ እጁን መሪው ላይ፣ በቃለጽድቅ እጅ ላይ አሳረፈው። «ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ተቀብረዋል፣ ልጄ።»

«ለምን? ለምን ቸኮሉ? እኔ እንደምመጣ እያወቁ!»

ኤርሚያስ ከኋላ አልቻለም። «አልቸኮሉም፣ ጋሼ። ነጻነት ጠዋቱን ወደ እኛ ደውላ ነበር። ቀጥታ ንገሪኝ ብሎኛል፣ ልንገረው ወይ፣ እስኪመጣስ ሬሳውን እስከ ነገ እናቆየው ወይ ብላ ጠይቃ ነበር» አለና ለቅሶ አቋረጠው።

ቃለጽድቅ ወደ ሀብቴ ዞረ። «ማን ምን አላት?»

«እኔ ነኝ» አለ ሀብቴ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «በስልክ አይነገርም፣ እኛ በወጉ እናረዳዋለን፣ እናንተ ቅበሩ አልኳት። አዝነንልህ ነው፣ ቃልዬ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ ብለን ነው።»

ቃለጽድቅ አልጮኸም፣ ደረቱንም አልመታም። እጁን ከሀብቴ እጅ ሥር አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ አደረገው፤ ከሥሩ ሞተሩ ደህና አድርጎ ይሠራል።

«ትናንት እኮ ይቺ መኪና ቀኑን ሙሉ ሱቄ በር ላይ ቆማ ነው የዋለችው» አለ።