ለዩኒቨርሲቲ ምርጫዬ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነው። እኔ ዘንድ የመጡት ግን የዩኒቨርሲቲ ምርጫዬን ሊያስቀይሩኝ ነበር። የላካቸው የገዛ አባቴ ነው፤ ያውም አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን።

አባቴ መርሳ ላይ መካኒክ ነው። ልጅ ሳለሁ ጋራዡ የቆመበትን ቦታ በክስ ተረትቶ ተቀማ። ጠበቃ የሚያቆምበት አቅም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ በኪራይ ቦታ ይሠራል፤ እኔ ሕግ እንድማር የወሰነውም ያኔ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ማለፌ ሲታወቅ፣ አዲስ አበባ ሕግ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ አጠያይቆ ጠበቀኝ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ የትምህርት ክፍል የምይዘው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ተወዳድሬ ስለሆነ ሕግ እንዳያመልጠኝ ፈርቷል። ለክፍያው የምንኖርበትን ቤት ሊሸጥ አስቧል።

«ሕግ አልማርም» አልኩት። «የምፈልገው ማርኬቲንግ ነው። የምገባውም መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ምግቡም መኝታውም እዚያው አለ፤ የወጪ መጋራቱን ተመርቄ ስሠራ እከፍላለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ሌላው ከአባቴ ጋራዥ አጠገብ ጎማ የሚሸጡ ሐጂ። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ልጄ፣ አባትን መስማት በረከት ነው» አሉ የንስሐ አባታችን። «ሕግ ብትማሪ ዳኛ ትሆኛለሽ፤ የድሃ እንባ ታብሻለሽ።»

«አባ፣ የድሃ እንባ ገበያም ላይ ይፈሳል» አልኳቸው።

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ንግድ ትምህርት ይሻል እንዴ? እናትሽን ማን አስተማራት? ወይስ ደላላ ልትሆኚ ነው?»

እናቴ ቲማቲም ትነግዳለች። ትምህርት ሲዘጋ አብሬያት ግራና ገበያ እወርድ ነበር። አንድ ቀን ከሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ሽንኩርት ጭነው የመጡ ገበሬዎች ደላላው የጠራውን ዋጋ እምቢ ብለው ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዚያም ባነሰ ሰጡት። አንዱ ብቻ ሽንኩርቱን መንገድ ዳር ደፍቶ አህያውን እየነዳ ሄደ። ሽንኩርት በዚያ ቀን ወልድያም ሆነ ደሴ ስንት እንደሚያወጣ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሁሉ ለሐጂ ነገርኳቸው።

«ሌሎቹ ከደላላው እግር ሥር ሲለማመጡ አይቻለሁ» አልኩ። «እንዲያ እንዳይሆኑ ምን እንደሚደረግ ነው የምማረው።»

አባቴ ያኔ ቀና አለ። «እኔስ ቦታዬን ስቀማ የሚናገርልኝ ሰው አጥቼ የለም? ረሳሽው?»

«አልረሳሁም አባዬ። ያኔ አብሬህ አልቅሻለሁ። ግን ክሱ አልቋል፤ ለእኔ አታውርሰኝ። ቤቱንም በእኔ ምክንያት አትሽጥ።»

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና «ነገሩን አንድ ሌሊት አሳድሪው» ብለውኝ ወጡ። አሳደርኩት። ጠዋትም አሳቤ ያው ነበር።

ምርጫ ስሞላ ቅርባችን ያለውን ወልድያ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ አደረግሁ። ጓደኞቼ «ጎንደር፣ ሐዋሳ እያለ እናትሽ ጓዳ ልትማሪ?» ብለው ሳቁብኝ። በየዕረፍቱ ከሩቅ አገር መመላለሻ ማን ይሰጠኛል? ይሳቁ አልኩ። የመረጥኩት ደረሰኝ። ስሄድ አባቴ አልሸኘኝም፤ ሻንጣዬን እስከ ሚኒባሱ የተሸከመችልኝ እናቴ ናት።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ውጤቴ ሕግ ያስገባኝ ነበር። ማርኬቲንግ ብዬ ሞላሁ። ለአባቴ «ሕግ አልደረሰኝም» ብለው ኖሮ ነገሩ በሰላም ባለቀ ነበር፤ ግን መዋሸት አስጠላኝ። ደወልኩለት።

«ሕግ ይደርሰኝ ነበር አባዬ። እኔ ነኝ የተውኩት።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ከተመረቅሁ በኋላ ግራና ውስጥ ከአትክልት አምራቾች ማኅበር ጋር መሥራት ጀመርኩ። በገበያ ቀን ማለዳ ወልድያ፣ ሐራ እና ደሴ ገበያ እደውልና ገበሬው አህያውን ሳይጭን ዋጋ ይሰማል። አንዳንዴ ገዢውን ራሴ አፈላልጌ አመጣለሁ። ደላሎቹ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያዙሩ።

ከአባቴ ጋር መነጋገር ጀምረናል፤ ተስማምተን ግን አናውቅም። ቅዳሜ ጋራዡ ስሄድ ደንበኞቹ ፊት «ሕግ ብትማር ኖሮ ይሄኔ ዳኛ ነበረች» ይላል።

«እንኳንም አልተማርኩ» እለዋለሁ፤ ሻዩን እየቀዳሁለት።