ወደ ግራ ያዘነበለ ክሬም፦ የሶዶን ኬክ ቤቶች በእግር

ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስነሳ ምክንያቴ ሁለት ነበር። አንዱን ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው፤ ሌላውን የምነግረው ለእናንተ ነው። የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ኬክ ቤቶችን በእግሬ እየዞርኩ ቀምሼ አስተያየት የምጽፍባት አንዲት የቴሌግራም ገጽ አለችኝ። ተከታዮቿ ጥቂት ናቸው፤ ክርክር ግን አይጠግቡም። "ክፍለ ሀገር ኬክ የለም እንዴ?" ብለው ሲወቅሱኝ ጊዜ ወላይታ ሶዶን መረጥኩ። ሁለተኛው ምክንያት አስናቀች ናት፤ እኔ አስናቁ ነው የምላት።

እኔና አስናቀች በአንድ ሆቴል የኬክ ክፍል ጎን ለጎን ቆመን ወጣትነታችንን የጨረስን ሰዎች ነን። ሁለታችንም አላገባንም፣ አልወለድንም። ሰው "ምነው?" ሲለን እሷ ቶሎ ብላ "ክሬም ስንመታ መሸብን" ትል ነበር። ሐሳባችን የራሳችንን ትንሽ ኬክ ቤት ከፍተን እዚያው እየተጨቃጨቅን ማርጀት ነበር። ከዚያ ወላይታ ውስጥ ተበላ በምትባል ከተማ አካባቢ የሚኖሩት እናቷ ታመሙና ልታስታምም ወደ አገሯ ሄደች። እናቷ ዳኑ፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። "ሶዶ ኬክ ቤት ሥራ ይዣለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ" የሚል መልእክት ላከችልኝ። ከዚያ በኋላ ስልኳ አይሠራም።

አሁን በሰፈራችን ለኬክ ቤት የሚሆን ክፍል ተገኝቷል። ጓደኛዬን ላመጣ እንደምሄድ የነገርኩት ለባለቤቱ ለጋሽ ሙሉጌታ ብቻ ነው፤ እስክመለስ ድረስ ለሌላ ላይሰጡት ቃል ገብተውልኛል። ብቻዬን ግን አልከፍትም። ወይ አስናቁን ይዤ እመለሳለሁ፣ ወይ ነገሩን እተወዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

አድራሻ የለኝም። ያለኝ አንድ ምልክት ነው። አስናቁ ግራኝ ናት፤ ኬክ ላይ የምታወጣው የክሬም አበባ ጭራው ወደ ግራ ያዘነብላል። የኔ ወደ ቀኝ ነው። ሶዶ ውስጥ ስንት አስናቀች እንዳለች እንጃ፤ ግራኝ ኬክ ሠሪ ግን ብዙ አይኖርም።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ነው የሄደው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ገና ቡታጅራ ሳንደርስ ዳቦ አውጥተው "እንብላ" አሉኝ። ጠግቤያለሁ ብዬ ዋሸሁ። ትንሽ ቆይተው "ልጆች አሉሽ?" አሉኝ፤ የለኝም አልኩ። "እግዜር ያውቃል" ብለው ዳቦውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከሆሳዕና ወዲያ እንሰቱ በየቤቱ ጓሮ እየበዛ፣ አፈሩም እየቀላ መጣ። እኚያ እናት አረካ ላይ ወረዱና መንገዱን ብቻዬን ጨረስኩት። ሰው ከጎን ሲነሳ ወንበሩ ወዲያው ይበርዳል።

ሶዶ ስገባ ዳሞታ ተራራ ደመና ተከናንቦ ነበር። አልጋ ይዤ ለእራት ወጣሁ። ወላይታ መጥቶ ጥሬ ሥጋ ሳይበሉ መመለስ ነውር ነው ሲባል ስለሰማሁ አንድ ሥጋ ቤት ገባሁ። ቆራጩ ቢላውን እየሳለ "ለስንት ሰው?" አለኝ።

"ለአንድ።"

ቀና ብሎ ከኋላዬ ያለውን በር አየ። "ሌሎቹ ይመጣሉ አይደል?"

አይመጡም አልኩት። ሥጋውን ዳጣ ከሚሉት የቃሪያ ማባያ ጋር አቀረበልኝ፤ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፣ ሥጋው ግን ቅቤ ነው። ዙሪያዬን ሰው ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ እየተጎራረሰ ይስቃል። "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል" የሚለው ተረት ትዝ አለኝና ግማሹን ትቼው ወጣሁ።

ዓርብ፣ የጾም ኬክ

የመጀመሪያው ኬክ ቤት ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። አስተናጋጇ መጥታ "የጾም ነው የፍስክ?" ስትለኝ ነው ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ኬክ ልገመግም ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ሥራዬን የጀመርኩት በጾም ቀን! ለራሴ ሳቅሁ። የጾም ኬክ መቶ ብር፣ ሻይ ሃያ ብር። ኬኩ ኦቾሎኒና ማርማላታ አለበት፤ ዳቦው ግን ትናንት የተጋገረ ነው። ለጾም ይበቃል ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

"አስናቀች የምትባል ኬክ ሠሪ ታውቂያለሽ?" አልኳት። ወደ ጓዳ ገብታ ጠይቃ ተመለሰች፤ አያውቋትም።

ሁለተኛው ቤት ተማሪዎች የሚያዘወትሩት ነው። ሙዚቃው ጠረጴዛ ያንቀጠቅጣል፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። የሙዝ ኬካቸው የጾምም ሆኖ ለስላሳ ነው፤ ሙዙ ከዚሁ አገር ስለሆነ ሽታው አፍንጫ ላይ ይቀራል። ስኳሩ ግን ጥርስ ይነቅላል። ሁለት ጊዜ ነካ አድርጌ ሹካዬን አስቀመጥኩ። አስተናጋጁ ከፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ይዞ "ሰው እየጠበቁ ነው? ልውሰደው?" አለኝ። ውሰደው አልኩት።  ከአስናቁ ጋር ስንወጣ ኬክ የምናዘው አንድ ነበር፤ እሷ ከግራ እኔ ከቀኝ እየቆረስን መሀል ላይ "የመጨረሻዋ ያንቺ ናት" እየተባባልን እንጣላለን። እዚህ ደግሞ ሙሉውን ኬክ የሚቀናቀነኝ የለም።

ከሰዓት ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ባጃጆች ጭቃ እየረጩብኝ ሦስተኛው ቤት ደረስኩ። ገና በሩ ላይ እግሬ ቆመ። መስታወቱ ውስጥ ነጭ የልደት ኬክ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን የተደረደሩት የክሬም አበቦች ጭራቸው በሙሉ ወደ ግራ ነው። 

ገንዘብ ተቀባይዋን "አስናቀች እዚህ ነው የምትሠራው?" አልኳት።

"አስናቀች? እንደሱ የምትባል የለችም።"

"ይህን ኬክ የሠራችው ናት።"

"ይሄን?" ኬኩን አየችው። "ይሄን የሠራችው የበረከት እናት ናት። ከቤቷ ሠርታ ነው የምታመጣው።"

 የበረከት እናት። እኛም ሰፈር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። አስናቁ ግን ልጅ የላትም። ስለዚህ እሷ አይደለችም፤ ሌላ ግራኝ ሴት ናት። ከጎኑ ያለውን፣ እሷው የሠራችውን የጾም ኬክ አዝዤ ቀመስኩ። ከስፖንጁ፣ ከኬኩ ዳቦ፣ የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ ሸተተኝ። ያ የኛ ሆቴል ሥራ ነው። ጣዕሙን ሌላ ሰው እንዴት አገኘው? ስል፣ አስናቁ አስተምራት ሄዳለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚህም ወጥታ የት እንደገባች ማን ያውቃል? ወደ አልጋዬ ተመልሼ ያን ቀን ሌላ ኬክ አልቀመስኩም። ስለ ሶዶ ልጽፍ ስልኬን አነሳሁ፤ "ብርቱካን" ብዬ ጽፌ አጠፋሁት።

ቅዳሜ፣ የበረከት እናት ቤት

ጠዋት ደመናው ተገፍፎ ከዋናው መንገድ ላይ ሆኜ አባያ ሐይቅ በሩቁ ታየኝ። "ያውልሽ" የምለው ሰው ፈለግሁ። ማንም ስላልነበረ ብዙም አልቆየሁም።

ወደ አራተኛው ቤት ገባሁ። ሚልፎያቸው፣ ያ ባለ ብዙ ንብርብር ኬክ፣ ሲነክሱት ይሰበራል እንጂ አይጎተትም፤ በኔ ግምት ከቀመስኳቸው ሁሉ የላቀ ነው። ማኪያቶ ሃምሳ ብር፤ ወተቱ እውነተኛ ነው። እዚህም ቶርታው ላይ የክሬም አበባው ጭራ ወደ ግራ ነው። እዚህም "የበረከት እናት" አሉኝ። ቢያንስ መምህሯ የት እንደሄደች ትነግረኛለች ብዬ የቤቷን አቅጣጫ ጠየቅሁ። አስተናጋጁ በር ድረስ ወጥቶ በእጁ አሳየኝ፦ ወደ ተራራው ዳገቱን ይዞ፣ ከወፍጮ ቤቱ ታጥፎ፣ አረንጓዴ በር።

በእግሬ ወጣሁ። ግቢው ጥግ ላይ እንሰት አለ፤ ከውስጥ የክሬም መምቻ ድምፅ ይሰማል። አንኳኳሁ። ድምፁ ቆመ።

በሩን የከፈተችው አስናቁ ናት። ሽርጥ ለብሳለች፣ ግራ እጇ እስከ ክርኗ ክሬም ነው፤ ጀርባዋ ላይ አንድ ወንድ ሕፃን ታዝሎ ተኝቷል።

ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ከዚያ "ትርንጎዬ" አለችና በክሬም እጇ አቀፈችኝ።

"አስናቀች እያልኩ አገሩን ዞርኩት" አልኳት። "ማንም አላወቀሽም።"

"ማን በስሜ ይጠራኛል? እሱ ከተወለደ ወዲህ የበረከት እናት ነኝ። ባለቤቴም ኬክ ቤቶቹም እንደዚያው ነው የሚሉኝ።"

ትናንት ደርሼብሽ ነበር፣ ልጅ ያላት ሴት አስናቁ ልትሆን አትችልም ብዬ ተመለስኩ ልላት አሰብኩና ዋጥኩት። ባለቤቷ ቢጠና በምትባል ከተማ የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንደሚሠራ፣ ቅዳሜ ማታ እንደሚገባ ነገረችኝ። በረከት ነቅቶ በትልልቅ ዓይኖቹ አየኝና ፊቱን መልሶ ቀበረ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት በመጨረሻ።

ጨርቅ አንስታ እጇን ጠረገች። "ቁጥርሽ በቃሌ ነው፣ ትርንጎ። ስንት ጊዜ ደውዬ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ምን ልበልሽ? አብረን ልናረጅ ተባብለን፣ አንቺን እዚያ ብቻሽን ትቼ፣ 'አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ደስ ብሎኛል' ልበልሽ? ደስታዬን ላንቺ ማውራት አፈርኩ። ሲም ካርዱንም ያኔ ነው የቀየርኩት።"

ልቆጣ ፈለግሁ። ቁጣው አልመጣ አለኝ፤ የመጣው እንባ ነው። እሷም አለቀሰች፤ በረከትም እኛን አይቶ ጨመረበት። ሦስታችን ስንነፋረቅ ምድጃ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ሊያር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሽታው ነው ያስቆመን።

የእሑድ ሠርግ ኬክ ነበረባት፤ ባለ ሦስት ደርብ። እጄን ታጥቤ ሽርጥ አሰርኩ። ሆቴል እያለን ትልልቅ ኬክ የምንሠራው ከሁለት ወገን ነበር፤ እሷ ከግራ ትነሳለች፣ እኔ ከቀኝ፣ ክርናችን ሳይጋጭ ፊት ለፊት እንገናኛለን። እንደዚያው ሠራን። ስለ ሆቴሉ ሼፍ፣ ስለ ቀድሞ የክፍላችን ሰዎች፣ ስለ ስኳር ዋጋ እያወራን አመሸን። የተገናኘንበት ቦታ ላይ የኔና የእሷ ጭራዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሙሽሮቹ አያስተውሉትም፤ እኛ አስተውለነዋል።

"ያ ስንፈልገው የነበረው ክፍል ተገኘ?" አለችኝ ዓይኗን ከኬኩ ሳታነሳ።

"ተገኝቷል።"

ክሬሙን አስቀመጠች። "እኔ እንግዲህ እዚህ ነኝ፣ ትርንጎዬ።"

"አይቻለሁ" አልኩ። ነይ ልላት ነበር የመጣሁት፤ አላልኳትም። ባለቤቷ ሲገባ በረከትን ከእጇ ተቀበለና ሦስቱ በአንድ ወንበር ዙሪያ ሆኑ። ደግ ሰው ነው፤ "ቤትሽ ነው" አለኝ። ቤቴ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ደስ አለኝ።

እሑድ፣ መመለስ

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። የሠርግ ኬኩ ሲስተካከል የተረፈውን ቁርጥራጭ በካርቶን ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አዲሱን ስልክ ቁጥሯንም አስጻፈችኝ። መኪናው ሲነሳ የበረከትን እጅ ይዛ አወዛወዘችልኝ። ከጎኔ አንድ ተማሪ ተቀምጦ ነበር፤ ካርቶኑን ከፍቼ "እንብላ" አልኩት። ሳያንገራግር በላ፤ "አሪፍ ነው" ብሎም ሁለተኛ አነሳ። ለገጼ የጻፍኩት የሶዶ ምርጥ ኬክ አስተያየት የዚህ ልጅ ቃል ነው።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ መልሴ ደስ አይልም። ሰው ሳይከዳን፣ ሳይበድለን፣ እየወደደንም ብቻችንን ሊተወን ይችላል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ቂም እንኳ አይያዝበትም፤ እሱ ነው ከሁሉ የሚከብደው።

ሰፈሬ ስደርስ ጋሽ ሙሉጌታ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እሺ፣ ጓደኛሽ መቼ ትመጣለች?"

"አትመጣም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ክፍሉን ለሚጠይቀኝ ሰው ልስጠው?"

የተዘጋውን ክፍል አየሁት። መሄድ፣ መተኛት፣ ነገሩን መተው እችል ነበር።

"አይስጡት። እኔ እገባበታለሁ።"

"ለብቻሽ?"

"ለብቻዬ" አልኩ። ቃሉን ጮክ ብዬ ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።