ድልድይ የሌለበት የጎጀብ ካርታ

ዛሬ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ የሚነፋ ጀልባ የተሸከሙ ሁለት ጎብኚዎች አስቆሙኝና አዲስ የጎጀብ ወንዝ መመሪያ መጽሐፍ አሳዩኝ። ስገልጠው ደሜ ፈላ። ካርታው የኔ ነው!

በደርግ ጊዜ እዚሁ የጂኦግራፊ መምህር ሳለሁ፣ በእግርና በጀልባ ለሚጓዙ ሰዎች ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ስዬ፣ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ያባዛሁት መመሪያ ላይ የነበረ ነው።

ያኔ አንድ ካድሬ አስጠርቶኝ "ጓድ መምህር፣ ድልድይ ወታደራዊ ምስጢር ነው፤ ከካርታው አጥፋው" አለኝ። (በየቀኑ አውቶቡስ የሚያልፍበት ድልድይ!) አጠፋሁት። "ድልድዩ ጋ ከወንዙ ውጡ፤ ከሱ ወዲያ ፏፏቴ አለ" የሚለው ማስጠንቀቂያም አብሮ ጠፋ።

ይኸው ዛሬ አሳታሚ ተብዬው ወንዙን ሳያይ እንዳለ ገልብጦ ይሸጠዋል! መጽሐፉ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ደውዬ ጮህኩበት። "ጋሼ፣ የድሮ ሰነድ ስለሆነ ታማኝ ነው ብለን ነው" አይለኝም?

እንግዶቹ ነገ ጠዋት ወንዙ ውስጥ ሊገቡ ነበር። ድልድዩንና ፏፏቴውን በእስክሪብቶ ሳልኩላቸው።

እኔ ያጠፋሁት እስር ፈርቼ ነው። ይሄንን አሳታሚ ማን አስፈራራው?

እናንተስ፣ ጸሐፊው ያልረገጠውን መንገድ አምናችሁ የገባችሁበት ጉድ ካለ ጻፉልኝ። በሕይወት የተመለሳችሁትን ማለቴ ነው።