አቶ ሶንጎን ፈልጋችሁ አምጡ

ይህ የሆነው በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ዲላ አቅራቢያ ባለ አንድ ወረዳ ግዛት ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሹም አይቻለሁ። አንጀቴ እስኪቆስል ያሳቀኝ ግን የያኔው የወረዳ ገዥ ብቻ ነው።

ማርታ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የአንድ ግራዝማች ጭሰኛ። የባሏ ሐዘን ሳይወጣላት ግራዝማቹ የቡና ማሳዋን ፈለገና መሬቱን ልቀቂ አላት። እምቢ አለች። ገበያ የወጣች ቀን ሎሌዎቹን ልኮ ጎጆዋን አስፈረሰው። ከሦስት ልጆቿ ጋር እንሰት ስር አደረች። እሱ እቴ፣ ምን ሊያፍር! እሁድ ቅዳሴ ላይ ከፊት ነው የሚቆመው።

በማግስቱ ጎረቤቱ ቀርከሃ ያለው ቀርከሃ፣ ሣር ያለው ሣር ይዞ መጣና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱን መልሶ አቆመው። ማንም ማንንም አላዘዘም። እኔንም ጠርተውኝ ነበር፤ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነው።

ግራዝማቹ አድማ ተነሣብኝ ብሎ ከሰሰ። የወረዳው ገዥ ከአዲስ አበባ ከመጣ ወር አልሞላውም። ከረባቱን በየደቂቃው ያስተካክላል፤ ስለ አገሩ ግን አንዲት ነገር ጠይቆ አያውቅም። ሰው ሳይታዘዝ ለጎረቤቱ እጁን ያነሣል ቢሉት አይገባውም። ምኞቱ የአድማውን መሪ ስም ለበላይ ጽፎ መሾም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሪውን እይዛለሁ፣ ቤቱን ከዚያ አፈርሳለሁ አለ።

አያ በራሶ የሚባሉ የማርታ ጎረቤት፣ ሽማግሌ፣ ተጠርተው ቀረቡ። ገዥው ቤቱን ሥሩ ብሎ ያዘዛችሁ ማን ነው ብሎ አፈጠጠባቸው። አያ በራሶ ረጋ ብለው በጌዴኦኛ መለሱ። ያዘዘን የለም፣ ሶንጎ ላይ ተነጋገርን ነው ያሉት።

ሶንጎ እኛ ዘንድ ሽማግሌና ጎረቤት ትልቅ ዛፍ ስር ተቀምጦ እስኪስማማ ድረስ የሚመክርበት ጉባኤ ነው። ገዥው ግን እስክተረጉም መች ጠበቀኝ። ቃሏን ከሽማግሌው አፍ ቀለብ አድርጎ ስሙ ተገኘ አለና ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን ሶንጎ የሚባለውን ሰው ታውቀዋለህ?»

እውነቱን ብነግረው ዛፉ ስር የተቀመጠ ሁሉ ይታሰራል፣ የማርታም ቤት በዚያው ቀን ይፈርሳል። ዋሽቼ ቢደረስብኝ ደግሞ እንጀራዬም እኔም አለቀልን።

«አውቀዋለሁ ጌታዬ» አልኩ። «ሽማግሌ ነው። ሲፈልጉት አይገኝም።»

አያ በራሶ አማርኛ ይሰማሉ። መሬት መሬት እያዩ ጢማቸውን ዳሰሱ።

ሶንጎ የተባለው አድመኛ ተይዞ ይቅረብ የሚል ማዘዣ ወጣ። ፖሊሶቹ መንደር ለመንደር ዞሩ። ሶንጎ የት ነው ያሉት ሰው ሁሉ፣ ሳይዋሽ፣ ዛፉን ያሳያቸዋል። ሄደው ሲያዩ ማንም የለም። ተፈላጊው ከዛፉ ስር አምልጧል ብለው ሪፖርት ጻፉ። ገዥው ጠረጴዛውን ደበደበ። መልኩን ለአጎራባች ወረዳዎች ሊልክ ብሎ ቁመቱን ጠየቀኝ። ረጅም ነው አልኩት። እሱን ብሎ ገዥ!

ፋይሉ ተከሳሹ እስኪያዝ ይቆይ ተብሎ ቁም ሳጥን ገባ። ሰውዬውም ሳይሾም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ግራዝማቹ ፖሊሱን ሲራገም ከረመ፤ ማርታም ቡናዋን ለቀመች።

ከወራት በኋላ ገበያ ላይ ተገናኘን። ለቤቷ ሥራ ባለመምጣቴ አፍሬ ዓይኔን ላሸሽ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ወንድሜ፣ አንተም ከሶንጎ አልጎደልክም» አለችኝ።

አሁን ሸምግያለሁ። ከዚያ ወዲህም ሰው በተረዳዳ ቁጥር ከኋላቸው ማን አለ የሚሉ ሹማምንት መጥተው ሄደዋል፤ አንዳቸውንም አላከበርኩም። ያን ከረባታም ግን ከሁሉም አብልጬ እንቀዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ፈርቼ ለማርታ አንዲት ቀርከሃ ሳላቀብላት መቅረቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።