«ብዙኃኑ» የጠመቁት ወይን

ወይን ጠጅ ቀማሽ የሆንኩት በቃለ ጉባኤ ነው። ዛሬ ሐዋሳ የምንላት ከተማ ያኔ አዋሳ ነበረች፤ እኔም በእርሻ ዲፕሎማ ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት የአትክልትና ፍራፍሬ ቴክኒሽያን ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። እስከዚያ ድረስ በአፌ የገባ ወይን ቢኖር አንድ ሠርግ ላይ በውሃ የቀጠነ አንድ ጉንጭ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «የቅምሻ ባለሙያ» ተብዬ ተጻፍኩ።

ነገሩን ያመጣው ኃላፊያችን ነው። ከአብዮቱ በፊት የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረ፣ ከአብዮቱ በኋላ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ሆነ። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ጉብኝት ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንደኛው የጠጉር ባርኔጣ ነው፤ በዚያ ሙቀት ሳምንቱን ሙሉ ሳያወልቅ ከረመ። ሁለተኛው ሐሳብ ነበር። ባርኔጣው ቢያንስ ማንንም አልጎዳም።

«ጓዶች» አለ በስብሰባ ላይ፣ «የጎበኘሁት ሕዝብ ከገዛ አገሩ ወይን የጠመቀው ቀይ ወይን ጠጅ አለው። የእኛስ የት አለ?»

ሁላችንም ጠረጴዛ ሥር የወደቀ ይመስል አቀረቀርን።

«ፊውዳሉ ደብቆት ነው!» አለ፤ አጨበጨብን።

በመስከረም ለአብዮቱ በዓል ከዚያ አገር ልዑካን ይመጣሉ። ለእነሱ ከሀገር በቀል ወይን የተጠመቀ ምርጥ ቀይ ወይን ጠጅ እንዲቀርብ ተወሰነና ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሰባቱ ተክል የነካነው ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና እዚያው አገር አራት ዓመት ተምሮ የመጣ ባልደረባዬ። የወይን ጠጅ ኤክስፐርት ነው ይባል ነበር። እሱ ራሱ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ አይደለሁምም አላለም። ብርጭቆ ባየ ቁጥር በዚያ አገር ቋንቋ «ናዝድራቬ!»፣ ለጤናችን፣ ስለሚል ለእኛ በቂ ማስረጃ ነበር።

ወይኑን ያገኘልን የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። ከመናኸሪያ ጀርባ ባሉት ቤቶች ውስጥ አንድ አናጢ ግቢያቸው ወይን አለ አለን። ሄድን። ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ከሲዳማ ደጋ የመጡ ሰው ናቸው። ጴንጤ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚጸልዩበት ቤት ከታሸገ ወዲህ ምዕመኑ በየሳሎኑ ድምፁን ቀንሶ እንደሚዘምርም ያውቃል። ኃላፊያችንም ያውቃል። ለወይኑ ሲል ግን ለዚያን ቀን ረሳው።

ሐረጉ የአናጢ ቤቱን ጣሪያ አልፎ ማድ ቤቱ ላይ ደርሷል። ፍሬው ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ቆዳው ወፍራም፣ ዘሩ ከሥጋው የሚበልጥ ነው።

«ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከተወለድኩበት ገደል» አሉኝ። «ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ማን እንደተከለው አባቴም አያውቅ፣ አያቴም አያውቅ። እኛና ወፍ እንካፈለው ነበር።»

ኃላፊው ወደ እኛ ዞሮ «ሀገር በቀል!» አለ፣ ራሱ እንዳበቀለው ሁሉ።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ በቀረ አንድ ጣሊያን እርሻ ላይ ሠርተዋል። ጣሊያኑ መጀመሪያ በዚህ ወይን ሳቀበት፤ ከጠመቀው በኋላ ግን ሌላ አልጠጣም አለ። አሥራ አንድ ዓመት የጠመቁለት እሳቸው ናቸው። በኋላ ጌታን ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያሰክር ነገር አፋቸው አልገባም።

«ታዲያ ሳይቀምሱ እንዴት ይጠምቃሉ?» አልኩ።

«በአፌ አላስገባም ብዬ ነው ቃል የገባሁት» አሉ። «አፍንጫዬን አልጨመርኩም።»

ፍሬው የሚደርሰው በየካቲት ነው። ከሐይቁ ዳር ዛፎች የሚመጡት ጦጣዎች ይህን ከኮሚቴው በፊት ያውቁ ነበርና ኃላፊው ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አቆመ። ጦጣዎቹ በሁለተኛው ቀን መምጣት አቆሙ። ፍሬው ግን መጉደሉን አላቆመም። ሽማግሌው አብዮት ጠባቂዎቹን አይተው፣ ጥርሳቸው መጥቆሩን አይተው፣ «ጦጣዎቹ ይመለሱልን፤ እነሱ የበሰለውን ብቻ ነው የሚመርጡት» አሉ።

የተረፈው ተለቀመና ለሁለት ተከፈለ። ትልቁ ድርሻ «ሳይንሳዊ በሆነ ዘዴ» እንዲጠመቅ ለኤክስፐርቱ፣ ትንሹ ድርሻ «በባህላዊ ዘዴ» ለሽማግሌው ተሰጠ። እኔ የሁለቱም ተቆጣጣሪ ሆንኩ።

ሳይንሳዊው ዘዴ በርሜል ነበር። በርሜሉ ከዚያ በፊት የትራክተር ናፍጣ ይያዝበት ነበር፤ በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ። ኤክስፐርቱ ወይኑን ከነዘለላው ጨመረው፣ ስኳር ነሰነሰበት፣ ከደነው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ በርሜሉን የጎበኘው ፎቶግራፍ ሲነሳ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ፍሬውን ከዘለላው አንድ በአንድ አራገፉ። ባለቤታቸው ጋኑን ለጠላ እንደሚደረገው በወይራ ሊያጥኑት ሲሉ «ጭስ ጭስ እንዲለኝ ነው?» ብለው ከለከሏቸው። ጋኑን በአናጢ ቤቱ ጥላ ሥር እስከ ወገቡ በአፈር ቀበሩት፤ ፍሬውን በእጃቸው ጨፍልቀው ከነቆዳው ጨመሩ፤ ሲግል እርሾው እንዳይሞትባቸው ዙሪያውን በረጠበ ጆንያ ጠቀለሉት። ቆዳው በተንሳፈፈ ቁጥር በእንጨት መቅዘፊያ፣ ጠዋትና ማታ፣ እያባበሉ ወደ ታች ይመልሱታል። ቆዳው ቀለሙን ሰጥቶ ሲሰጥም ድፍድፉን በነጠላ ጨምቀው አተላውን ለይተው ወደ ሌላ ጋን ገለበጡትና አፉን በሰም ደፈኑት።

ከዚያ የእኔ ሥራ መጣ። በየሦስት ሳምንቱ ስሄድ ሰሙን ያነሳሉ፤ እኔ እቀምሳለሁ፤ እሳቸው ያሸታሉ።

«ምን ምን ይላል?»

«ይጎመዝዛል፤ አፍ ይይዛል» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን፣ ፊቴን አጨማድጄ።

«የያዘሽ ምላስሽን ነው ድድሽን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ኮሌጅ አልጠየቁኝም። እንደገና ቀመስኩ። «ድዴን።»

«ጥሩ። ድድ የሚይዝ ይታረቃል። ምላስ የሚይዝ አይታረቅም።»

እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ። መጎምዘዙ እየለዘበ ሄደ። አንድ ቀን «የደረቀ እንጆሪ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ የመሰለ፣ መጨረሻ ላይ ዝናብ የነካው አፈር» ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አፈሩን አገኘሽው?» አሉኝ። የሰባት ሰው ኮሚቴ ዓመቱን ሙሉ ያልሰጠኝን ማዕረግ በዚያች ጥያቄ ሰጡኝ።

ኮሚቴው ግን ሥራ አልፈታም። በነሐሴ የበርሜሉ ናሙና ቀርቦለት ሲያይ ኃላፊው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ዘረጋና ቅንድቡን አኮማተረ።

«ይሄ ቀይ አይደለም። ወይን ጠጅ ነው።»

«ወይን ጠጅ እኮ ነው ጓድ» አልኩ።

«ቀለሙን ነው የምልሽ! ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። እኛ የወሰንነው ቀይ ነው።»

በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ተወያየን። ወይን ጠጅ ቀለም ንጉሣዊ ነው የሚል አስተያየት ተሰጠ። በመጨረሻ ከገበያ ሃያ ኪሎ ቀይ ሥር ተገዝቶ እንዲጨመቅና እንዲጨመር በሙሉ ድምፅ አሳለፍን። እኔም እጄን አወጣሁ። የሽማግሌውን ጋን ያተረፈልኝ ኮሚቴው «ባህላዊ» የሚባል ነገር መኖሩን ፈጽሞ መርሳቱ ነው።

የበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ በርሜሉ ተከፈተ። ኤክስፐርቱ ቀመሰና ብርጭቆውን ለኃላፊው አቀበለ።

«ምን ይላል?» አለ ኃላፊው።

«ተራማጅ ጣዕም አለው» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሳይቀምስ።

ኃላፊው አንድ ጉንጭ ወሰደና ወደ መስኮቱ ሮጠ። ናፍጣ፣ ሳሙናና ቀይ ሥር አንድ ላይ ሲመጡ ርዕዮተ ዓለም አያቆማቸውም። አፉን ጠርጎ ሲመለስ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «ያ ሽማግሌ ጋን ነበረው አይደል?»

ጋኑ መጣ፤ በጠርሙስ ተገለበጠ። ነገር ግን ለክብር ጠረጴዛው ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ የበርሜሉ ለብዙኃኑ ጠረጴዛ ተመደበ። ብዙኃኑም ጠጡት፤ ንግግሩ ባለቀ ቁጥር እየሳሉ አጨበጨቡ።

የልዑካኑ መሪ እጃቸው እንደ ገበሬ የሻከረ አዛውንት ነበሩ። ለወጉ ያህል ሊጎነጩ ብርጭቆውን አነሱና ቆሙ። አሸተቱት። ጠጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ማን ጠመቀው ነው የሚሉት» ብሎ ኤክስፐርቱ ተረጎመ።

ኃላፊው ብድግ አለ። «ብዙኃኑ!»

እንግዳው ሳቁ፣ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ኤክስፐርቱ «ብዙኃኑን አመስግነዋል» አለ። እሳቸው ግን በትርጉሙ የረኩ አይመስሉም፤ አጠገባቸው ጠርሙስ ይዤ ወደቆምኩት ዞረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቁኝ፤ «ብዙ ሰው እንዲህ አይጠምቅም። አንድ ሰው ነው። ማነው?»

ኃላፊው ያየኛል። ጸሐፊው ያየኛል። ጴንጤ ነው ብል ምን እንደሚከተል አሰብኩ፤ ለሽማግሌው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

«ኮሚቴው ነው» አልኩ።

አዛውንቱ ለአፍታ አዩኝ፤ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ለሽማግሌው ልነግራቸው ሄድኩ። ማን ተመሰገነ አላሉኝም። «እንግዳው ሲጠጣ ዓይኑን ጨፈነ?» አሉኝ። ጨፍነዋል አልኳቸው። መዶሻቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ውሸቴን ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ምስጋና የዋጠ ኮሚቴ ደግሞ አያርፍም። በጥቅምት «የወይን ልማት ዘመቻ» ታወጀ። መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡና ሐረጉን ከጫፍ እስከ ሥር ቆረጡት፤ ቁርጥራጩ ሐይቁ አካባቢ በተመነጠረ መሬት እንዲተከል ተጫነ። ግንዱ ተቆፍሮ ከነሥሩ ለኤግዚቢሽን ተወሰደ፤ «የብዙኃኑ ሀብት» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ሽማግሌው በፈቃዳቸው እንደለገሱ የሚገልጽ ወረቀት ፈረሙ። በተከላው ሳምንት እኔ ማዳበሪያ ላከፋፍል ገጠር ተልኬ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አንድም አልበቀለም። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ምክንያቱ አፈሩ ነው ቢባል አፈሩን የመረጠው ኃላፊው ነው፤ አተካከሉ ነው ቢባል ያስተከለው ኤክስፐርቱ ነው። ስለዚህ የኢኮኖሚ አሻጥር ሆነ። ጸሐፊው «ሰውዬው ጸልዮበት ይሆናል» አለ፤ ሃይማኖት ከንቱ ነው ብሎ በየሳምንቱ የሚያስተምረን እሱ ነው። ሽማግሌው በቀበሌው ታሰሩ።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ማሳው ሄድኩ። አንዱን ነቀልኩ። ሁለተኛውን ነቀልኩ። አርባ ያህል ከነቀልኩ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም ነበር። ሁሉም፣ ከመደብ እስከ መደብ፣ የተዘቀዘቁ ነበሩ። ሥር ማውጣት ያለበት ጫፍ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ እምቡጡ ወደ ሲኦል ተቀስሯል።

ኤክስፐርቱን ቢሮው አገኘሁት። አንዱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«የትኛው ነው ላይኛው?» አልኩት።

አገላበጠው። ላቡ መጣ። «እኔ የተማርኩት ትንባሆ ማድረቅ ነው» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ። «ማንም እኮ ጠይቆኝ አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ማንም አልጠየቀውም።

በሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት፤ በስብሰባው ላይ ቁርጥራጮቹን ይዤ አነበብኩት። «ተዘቅዝቀው ተተክለዋል» የሚለው ጋ ስደርስ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ኃላፊው ሪፖርቱ «አቀራረቡ አፍራሽ ነው» አለ። ይሁን እንጂ የተተከለ እንጨት በጸሎት ማዘቅዘቅ እንደማይቻል ገባው፤ ሽማግሌው በአሥራ አንደኛው ቀን «ትምህርት ተሰጥቷቸው» ተለቀቁ። ኤክስፐርቱ አድጎ አዲስ አበባ ተዛወረ። እኔ የማዳበሪያ መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ።

ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ገዝቼ ሊጠየቁ ወደሚገባቸው ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በአሥራ አንዱ ቀን ከስተዋል። ዓሣውን ለባለቤታቸው ሰጥቼ፣ ለእንግዳው የመለስኩትን ነገርኳቸው።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ኮሚቴው ነው ያልሽው እኔን ለማዳን ነው ራስሽን?»

«ራሴን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ይሻላል። እኔን ለማዳን ነው ብትዪ አላምንሽም ነበር።»

ባለቤታቸው ዓሣውን እየቀረፉ ከማድ ቤት ሆነው ጣልቃ ገቡ፤ «ልጄ፣ አትዘኚ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ሐረግ ላይ የሚሰፍር ወፍ ሁሉ የሚያራው የታጠበ ልብሴ ላይ ነው። አብዮቱ ለኔ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ከዚህ መገላገሌ ነው።»

ሽማግሌው እንደመቆጣት ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቀና ብዬ ባይ ሐረጉ በነበረበት ቦታ ከጣሪያ እስከ ማድ ቤት ገመድ ተወጥሯል፤ አንሶላዎቹ ነጭ፣ አንድም ነጠብጣብ የላቸውም።