የሾፌሩ ወንበር

የአረጋውያን ማረፊያው ሠራተኞች «ጭረት» ይሏታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሽማግሌዎችን ስታጥብ፣ ስታለብስና ስታጎርስ የኖረች ሴት ናት፤ ከሽርጧ ኪስ ደብተርና እርሳስ አይጠፋም። የሚደጋገም ነገር ካየች በየአንዳንዱ አንድ መስመር ትጭራለች። «ሰው ‹ሁልጊዜ› ሲላችሁ አትመኑት፤ ስንቴ ነው በሉት» ትላለች።

ባለፈው ዓመት የገቡት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከሰዓት በኋላ በሩን እየደበደቡ «ክፈቱ!» ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ማረፍ አልቻሉም። ኃላፊዋ ሲስተር ቁርጡን ተናገረች።

«በዚህ ወር ካልተሻላቸው በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል ይዛወራሉ።»

ጭረት ያን ክፍል ታውቀዋለች። በእግሩ ገብቶ በእግሩ የወጣ ሰው አላየችም።

መጀመሪያ አምስት ቀን ምንም ሳታደርግ ቆጠረች። ጩኸት ማለት ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ የሚሰማ ነው፣ ማጉረምረም አይቆጠርም ብላ ወሰነች። ሽማግሌውን ስለምትወዳቸው ግን ራሷን ጠረጠረች፤ የወደዱት ሰው ጥፋት ያንሳል። ስለዚህ የማረፊያውን ወጥ ሠሪ ኮሪደሩ ጫፍ አስቀምጣ ለብቻዋ አስቆጠረቻት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ደብተሮቹ ሲተያዩ በቀን ሃያ ገደማ ሆነ፤ ልዩነታቸው ከአንድ አልበለጠም።

«አንዷም ያመለጠችሽ ስታስነጥሺ ነው» አለች ወጥ ሠሪዋ።

ከዚያ ጭረት መንገዱን ከሚያሳየው መስኮት ሥር አንድ ወንበር አኖረችላቸው። ሌላ ምንም አልነካችም፤ ሁለቱም መቁጠራቸውን ቀጠሉ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ሽማግሌው እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ያዞራሉ። በሳምንቱ ጩኸቱ በቀን ወደ ሁለት ወረደ።

ሲስተር አልተዋጠላትም። «ቤቱን ለምደውት ነው እንጂ ወንበር ምን ይሠራል?»

መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭረት ጠላችው። ጨክና ወንበሩን አነሳች። በማግስቱ አሥራ ሰባት፣ በሁለተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ። እያለቀሰች ጫረች። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው በሩን ትተው ወደ እሷ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሏት።

ይህ ኮሪደሩ ጫፍ አይሰማም፤ ስለዚህ አልተጫረም።

ሁለቱን ደብተሮች ይዛ ሲስተር ዘንድ ገባች። ሲስተር ገጾቹን እያመሳከረች ብዙ ቆየች።

«መልሺላቸው» አለች በመጨረሻ። «የትም አይሄዱም።»

ጭረት ወንበሩን ተሸክማ ሮጠች። ሽማግሌውን አስቀምጣ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ምንም አላጠፉም፣ አባባ። የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «እንግዲያው ጋቢና አይገባሽም» አሏት። «ከኋላ ተቀመጪ።»

ጭረት በርጩማ አምጥታ ከኋላቸው ተቀመጠች።